ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ፦ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካፔላ ቡድን ለመግባት ወይም ለመመሥረት የሚረዳ መመሪያ

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማታ ከላይብረሪ ስመለስ አንድ የድንጋይ ቅስት ሥር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጠጋ ስል አሥራ አራት የሚሆኑ ተማሪዎች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ማይክ የለም። ጊታር የለም። ግን ቤዝ ጊታር ይሰማኛል፣ ድራምም ይሰማኛል። ዞር ዞር ብዬ ስፒከሩን ፈለግሁ። ስፒከር አልነበረም። ሁሉም ከአፋቸው ነበር የሚወጣው።

በዚያው ሳምንት ለኦዲሽን፣ ማለት ለቡድኑ መግቢያ የድምፅ ፈተና፣ ተመዘገብኩ። ወደቅሁ። ለምን እንደወደቅሁ ከታች እነግራችኋለሁ፤ ብዙ የሀበሻ ልጅ የሚሰናከለው እዚያው ቦታ ላይ ይመስለኛል። በዓመቱ ተመልሼ ሞከርኩና ገባሁ፤ እስክመረቅም አልወጣሁም። ያኔ ነገሩን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ከየት የመጣ ነገር ነው?

አካፔላ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። መነሻው «እንደ ጸሎት ቤት አዘማመር» እንደማለት ነው። ዛሬ ግን ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ ሁሉ ይጠራበታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የኮሌጅ አካፔላን ታሪክ ከዬል ዩኒቨርሲቲ ይጀምራል። እኔ ከፊስክ መጀመር ደስ ይለኛል። ናሽቪል ከተማ፣ ቴነሲ ውስጥ የሚገኘው ፊስክ ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። በ1871 ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ደረሰ። ጆርጅ ዋይት የሚባለው የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥና የሙዚቃ መምህር ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ እየዘመሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወጣ። አብዛኞቹ በባርነት ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሰሚው እጅ አልተፈታም። ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ይዘምሯቸው የነበሩትን መዝሙሮች ሲያወጡ ግን ሰው ዝም ብሎ መስማት ጀመረ። በ1873 እንግሊዝ ሄደው ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። በሰበሰቡት ገንዘብ የተሠራው ጁቢሊ ሆል ዛሬም ቆሟል። የፊስክ ጁቢሊ ዘማሪዎችም ዛሬ ድረስ አሉ።

ዬል ላይ ዊፈንፑፍስ የተባለው ቡድን በ1909 ተመሠረተ። ከትልቁ የዩኒቨርሲቲ ኳየር የወጡ ጥቂት ልጆች ሞሪስ የምትባል መጠጥ ቤት እየተገናኙ መዝፈን ጀመሩ፤ ነገሩ በዚያው ባህል ሆኖ ቀረ። አባላቱ 14 ናቸው። ሴት የተቀበሉት ግን ገና በ2018 ነው። ሴቶቹ ደግሞ እስኪፈቀድላቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1936 ማሳቹሴትስ በሚገኘው ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ስሚፈንፑፍስን አቋቁመዋል።

ዛሬ የምትሰሙት «ባንድ ያለ የሚመስል» አዘፋፈን የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። እዚህ ላይ ከተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ቢልዘበብስ ቡድን የወጣው ዲክ ሻሮን ስሙ ይነሳል። ድሮ ሶሎውን አንድ ሰው ይይዝና ሌላው «ኡ» እና «አ» እያለ ይከተለው ነበር። እሱ እያንዳንዱን ጉሮሮ እንደ አንድ መሣሪያ አድርጎ ማቀናበርን አስፋፋ። አንዱ ቤዝ ጊታር፣ አንዱ ድራም፣ ሌሎቹ ኪቦርድና ትራምፔት።

ታሪኩ ይብቃ። ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፦ ድምፃችሁን እወቁ

ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ጫኑ። ከመሐለኛው ዶ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ታች ውረዱ። ድምፃችሁ ትንፋሽ ብቻ ሲሆን አቁሙና ኖታውን ጻፉት። ወደ ላይም እንደዚያው፤ መጮኽ ስትጀምሩ አቁሙ። እነዚህ ሁለት ኖታዎች ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር፣ ባሪቶን ወይም ባስ መሆናችሁን በግምት ይነግሯችኋል። ጠዋት ተነሥታችሁ አትለኩ። ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ሁሉ ባስ ነው።

ወፍራም ድምፅ ያላችሁ ልጆች ደስ ይበላችሁ። እውነተኛ ባስ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

2ኛ፦ የራሳችሁን መስመር መያዝ ተማሩ

እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ኦዲሽን አልፌ ኮልባክ ጠሩኝ። ኮልባክ ማለት ሁለተኛው ዙር ነው፤ የመዝሙሩን አንድ ክፍል ያስተምሯችሁና ከቡድኑ ጋር ያዘምሯችኋል። አራት ሆነን ቆምን። ለእኔ የሰጡኝ ከዜማው ዝቅ ያለ መስመር ነው። ለብቻዬ ስዘምረው እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። አራታችን አንድ ላይ ስንጀምር፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ አጠገቤ የቆመችው ልጅ ወደያዘችው ዜማ ተሳብኩ። ተመለስኩ። እንደገና ተሳብኩ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለኝ። እዚያው ገባኝ።

ጉዳዩ የድምፅ ማነስ አልነበረም። ያደግንበት ነገር ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንዘምር፣ ሠርግ ላይ ስንጨፍር፣ ሁላችንም አንድ ዜማ ነው የምንይዘው። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ተቀባዮቹ ግን በአንድ ዜማ ነው የሚመልሱት። ጆሯችን ከጎረቤት ጋር አንድ መሆንን ነው የለመደው። አካፔላ ደግሞ ጎረቤትህን እየሰማህ ከእሱ የተለየ ነገር ያዝ ይላል። (አገራችን ውስጥ ይህ ጥበብ የለም ማለቴ አይደለም። ጋሞ ደጋ ላይ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ስሙ። ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይሄዳል። እኔ ይህን ያወቅሁት አሜሪካ ከሄድኩ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል።)

ልምምዱ በሦስት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ከስልካችሁ አንድ የማይቋረጥ ኖታ ልቀቁ፣ በላዩ ላይ ዶ ሬ ሚን ወደ ላይና ወደ ታች ዘምሩ። እያንዳንዱ ኖታ ከተለቀቀው ድምፅ ጋር ሲጋጭም ሲስማማም አዳምጡ። ቀጥሎ የምታውቁትን ቀላል መዝሙር ቅዱና፣ ቅጂው ሲጀምር እናንተ አንድ ስንኝ ዘግይታችሁ ግቡ። መጀመሪያ ቀን ትስቃላችሁ፣ ትጠፋላችሁ። በሳምንቱ ትይዙታላችሁ። በመጨረሻ ጓደኛ ፈልጉ። እሱ ዜማውን ይያዝ፣ እናንተ ሌላ መስመር ያዙ፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ። ጆሮን መድፈን አይፈቀድም። ብዙ ሰው ጎረቤቱን ላለመስማት እየታገለ ነው የሚለማመደው። እየሰሙ አለመሳብ ነው ትምህርቱ።

እኔ ይህን አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቼዋለሁ። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

3ኛ፦ ቡድን ምረጡ

ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ቡድን ማግኘት አይገርምም። የወንዶች፣ የሴቶች፣ የድብልቅ፣ የመንፈሳዊ መዝሙር፣ የጃዝ፣ የአንድ ባህል ሙዚቃ ላይ ያተኮረ አለ። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፔን ማሳላ የሚባል በ1996 የተመሠረተ ቡድን አለ። የህንድ ዘፈኖችን ከእንግሊዝኛ ዘፈን ጋር አዋሕደው ይዘፍናሉ። በ2009 ዋይት ሀውስ ተጠርተው ዘፍነዋል። እነሱን ባየሁ ቁጥር «የእኛስ?» እላለሁ። ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አፍሮ ብሉ የሚባል የጃዝና የጥቁሮች መዝሙር ቡድን አለው። በ2011 በቴሌቪዥን የአካፔላ ውድድር ላይ ያቀረቡትን ፈልጋችሁ ስሙ። በዚያው ዓመት ያሸነፈው ፔንታቶኒክስ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲጀምር ቡድኖቹ ሁሉ ለአዲስ ገቢ ተማሪ አንድ ላይ ይዘፍናሉ። ሂዱ። የትኛው ቡድን ጎበዝ እንደሆነ ብቻ አትዩ። በዘፈኑ መሐል ይተያያሉ ወይ? አንዱ ሲሳሳት ሌላው ፊቱን ያጠቁራል ወይስ ይሸፍንለታል? ከነዚህ ሰዎች ጋር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ፣ በእያንዳንዱ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ታሳልፋላችሁ።

ሰዓቱን ካነሣሁ ዘንድ ለወላጆችም አንድ ቃል። እናቴ ስትሰማ «ልጄ፣ ለዘፈን ነው እንዴ ባሕር የተሻገረው?» ነበር ያለችኝ። እውነት አላት፣ ሰዓት ይበላል። ግን ቡድኖቹን የሚመሩት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ የባዮሎጂ ተማሪ፣ ሙዚቃ ዳይሬክተሯ ምሕንድስና የምታጠና ልትሆን ትችላለች። የፈተና ሳምንት ሁሉም ያጠናል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርት ከብዷችሁ ከሆነ ግን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። ቡድኑ የትም አይሄድም።

4ኛ፦ ኦዲሽን

ሲገቡ የሚያስፈራው ነገር ስድስት ሰባት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ወረቀት ይዞ ሲጠብቅ ማየት ነው። ፈገግ ብላችሁ ግቡ። አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይጠይቃሉ።

አንደኛ፣ በፒያኖ እየተከተሉ ድምፃችሁ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ይለካሉ። ከላይ የጻፍኩትን ካደረጋችሁ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።

ሁለተኛ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ኖታ ይመቱና «መልሱ» ይላሉ። ወዲያው አትዘምሩ። አንድ ትንፋሽ ወስዳችሁ በልባችሁ ዘምሩት፣ ከዚያ አውጡት። የቸኮለ ይስታል።

ሦስተኛ፣ የራሳችሁ ምርጫ የሆነ ዘፈን፣ አንድ ስንኝና አዝማች፣ አንድ ደቂቃ ያህል። ያለ መሣሪያ ነው የምትዘፍኑት፤ ስለዚህ ከየት ኖታ እንደምትጀምሩ አስቀድማችሁ እወቁ። ነርቨስ የሆነ ሰው ከፍ አድርጎ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ጣሪያ ይነካል። ከመግባታችሁ በፊት ኮሪደር ላይ ስልካችሁን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ መነሻ ኖታውን ስሙ፣ እያንጎራጎራችሁ ግቡ። በአማርኛ ልዘፍን ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አዎ ነው፤ ሌላ አንድ የእንግሊዝኛ ግን በእጃችሁ ይኑር። የትዝታ እንጉርጉሮ የምትችሉ ከሆነ ያን ቤት ጸጥ ታደርጉታላችሁ። ግን ማስጌጡን ቀንሱ። እነሱ የሚፈልጉት ከሌላ አሥራ ሦስት ሰው ጋር የሚዋሐድ ድምፅ ነው። ድምፀ መረዋ ሆኖ የማይዋሐድ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይመረጥ ይቀራል።

አራተኛ፣ ወሬ። «ሌላ ምን ትሠራላችሁ? ስንት ሰዓት አላችሁ?» ሥራ ካላችሁ ተናገሩ። አትዋሹ።

ኮልባክ ከጠሯችሁ በስልክ መቅዳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁና መስመራችሁን ቅዱ። ሲያዘምሯችሁ ብትስቱም አታቁሙ። ጠፍቶ መመለስ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ውጤቱ በየትምህርት ቤቱ ወግ ይነገራል። ዬል ላይ ለምሳሌ በአንድ ሌሊት ቡድኖቹ ግቢውን በሩጫ ያቋርጡና የመረጧቸውን ልጆች በር እያንኳኩ በጩኸት ይወስዷቸዋል። ሌላ ቦታ ኢሜይል ነው።

5ኛ፦ አልተሳካም? ወይም የምትፈልጉት ቡድን የለም? መሥርቱ

ስምንት ሰው ይበቃል። ሁለት ሁለት በየመስመሩ። ከዚያ ካነሰ አንዱ ጉንፋን የያዘው ቀን ልምምድ ይቀራል። ብዙዎቹ ቡድኖች ከ12 እስከ 16 ናቸው። ሦስት ኃላፊ ይኑራችሁ፦ ሙዚቃውን የሚይዝ፣ ሰውና ቀጠሮ የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚይዝ። ሙዚቃ ዳይሬክተሩና ፕሬዚዳንቱ አንድ ሰው አይሁኑ። ያ ሰው በሁለተኛው ወር ይደክመዋል።

በተማሪ ማኅበርነት ከተመዘገባችሁ የልምምድ ክፍልና ትንሽ በጀት ታገኛላችሁ። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ የቫለንታይን ቀን አለ፦ ተማሪው ይከፍላችኋል፣ እናንተ የወዳጁ ክፍል ሄዳችሁ በር ላይ ትዘፍናላችሁ። በብዙ ግቢ የተለመደ ነው።

6ኛ፦ ማቀናበር

እዚህ ቆየት እላለሁ፤ ቡድንን ቡድን የሚያደርገው ይህ ነውና።

ዘፈኑን ምረጡና ኦሪጅናሉን አሥር ጊዜ ስሙ። በአንዱ ጊዜ ቤዙን ብቻ ስሙ። በሌላው ድራሙን። በሌላው ከኋላ ያለውን ኪቦርድ ብቻ። እየሰማችሁ ጻፉ። ሚውዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኖታ የማታውቁ ከሆነ በድምፃችሁ አንድ አንድ መስመር ቅዱና ደራርቡት፤ እሱም ያስኬዳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሶሎውን አስቀምጡ። ከሥሩ ባሱን። ሁለቱ ብቻ ሲዘመሩ ዘፈኑ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ባሱ ልክ አይደለም፣ ወደ ፊት አትሂዱ። ከዚያ መሐሉን በሁለት ወይም ሦስት መስመር ሙሉት። የአፍ ድራሙ መጨረሻ ይመጣል።

መሐለኞቹ ምን ይላሉ? ቃል ሳይሆን ክፍለ ድምፅ ነው። «ኡ» ለስላሳ ነው፣ ከሥር ይነጠፋል። «ዱ» ይረግጣል። «ጃ» የጊታር ምት ይመስላል። «ዶም» የባሱ ነው፤ «ም»ዋ ላይ ቶሎ አፋችሁን ከዘጋችሁ እንደ ቤዝ ጊታር ገመድ ታስተጋባለች። በአንድ ዘፈን ከሦስት አራት ዓይነት በላይ አትጠቀሙ። የጀማሪ ትልቁ ጥፋት ደግሞ ሁሉንም ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዘመር ነው። ዝም የሚሉበት ቦታ ስጧቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግማሹ ዝም ቢል አዝማቹ ሲመጣ ሰሚው ከወንበሩ ይነሣል።

አሁን የአማርኛ ዘፈን ልታቀናብሩ ነው እንበል። ጥንቃቄ ይጠይቃል። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። የፈረንጅ ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ዝም ብላችሁ ከጫናችሁበት ፋ እና ሲ ሰተት ብለው ይገባሉ። ያኔ ትዝታው ይጠፋና የልጆች መዝሙር ይመስላል። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ሁለተኛውን ድምፅ ከዚያው ከአምስቱ ውስጥ አንድ ዘልላችሁ ስጡ። ዶ ሲሆን ሚ፣ ሬ ሲሆን ሶል፣ ሚ ሲሆን ላ፣ ሶል ሲሆን የላይኛው ዶ፣ ላ ሲሆን የላይኛው ሬ። ባሱ ዶ እና ሶል ላይ ይቁም፣ ብዙ አይሩጥ። ቅኝቱ ሳይፈርስ ኅብረቱ ይመጣል። አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ይህ ዘዴ ይጎረብጣል፤ እዚያ አንድ የማይነቃነቅ ድምፅ ከሥር ዘርጉና ዜማውን ለብቻው ተዉት። ሳይነካ የሚያምር ነገር አለ።

አማርኛ የማይችሉ ልጆች ስታስተምሩ ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስጡ። ግን የሚጠብቀውን ፊደል ደርባችሁ ጻፉ። አንድ ጊዜ የበዓል መዝሙር ሳስተምር ሳላጠብቅ ጻፍኩት። ልጆቹ «ገና» የሚለውን በዓል አላልተው «ገና ነው» እንደምንለው ዘመሩት። በፊደል አንድ፣ በጆሮ ሌላ። ሳድስ ላይም ተጠንቀቁ። «ልብ» የሚለውን ቃል አራት ምት ይዛችሁ ለመቆየት የሚያስችል አናባቢ እ ብቻ ናት። የእሷን የአፍ ቅርጽ በመስተዋት አሳዩአቸው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብቻውን አያገኛትም።

7ኛ፦ የአፍ ድራም

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ትልቅ ዕድል አለው። ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኛል። ፈረንጆች ቢትቦክስ ሲማሩ የሚቸገሩባቸው ድምፆች እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንናገራቸው ፈንጂ ፊደሎቻችን ናቸው። ትልቁ ከበሮ «ጵ» ነው። ጸናጽሉ «ጥ» ነው። ስኔሩ፣ ያ ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ትንሹ ከበሮ፣ «ቅ» ነው። አናባቢ ሳትጨምሩ፣ ደረቁን አውጡት፦ ጵ፣ ጥ፣ ቅ። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉ። ከሳንባ የሚወጣ ትንፋሽ የለም፤ ጉሮሮ ተዘግቶ አፍ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው የሚፈነዳው። ለዚህ ነው ጎበዝ ቢትቦክሰር ለረጅም ጊዜ ሳይተነፍስ መምታት የሚችለው።

ለተለመደው አራት ምት፦ ጵ ጥ ቅ ጥ። ለእኛ ጭፈራ፣ ለስድስት ስምንተኛው፦ ጵ ጥ ጥ ቅ ጥ ጥ። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 70 ምት ላይ ሁለት ደቂቃ ሳይዛነፍ ካልመታችሁ አታፍጥኑ። ቡድኑ በሙሉ የሚሄደው በእናንተ ላይ ነው። ማስዋቡ በኋላ ይደርሳል።

8ኛ፦ ልምምድ

ሁለት ሰዓት አላችሁ እንበል። አሥራ አምስት ደቂቃ ድምፅ አሟሙቁ፦ ከንፈር ማርገብገብ፣ ማንጎራጎር፣ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት። ግማሽ ሰዓት እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይለማመድ። ቀሪው አንድ ላይ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር በስልክ ተቀድቶ አስቀድሞ ቢያገኝ ግማሹ ሥራ ቤት ያልቃል።

ክብ ሠርታችሁ ቁሙ። የጎረቤታችሁ ድምፅ ካልተሰማችሁ እናንተ ጮኻችኋል ማለት ነው። አናባቢ አንድ አድርጉ። አንዱ «አ»ን በሰፊ አፍ፣ ሌላው በጠባብ ካወጣት ኖታው ልክ ሆኖም የተበላሸ ይመስላል። ረጅም ድምፅ ላይ ደግሞ በተራ በተራ ተንፍሱ፤ አጠገባችሁ ያለው ሲተነፍስ እናንተ ያዙ።

ዘፈን ሲጀመር ከነበረበት ዝቅ ብሎ ማለቁ የሁሉም ቡድን በሽታ ነው። ምክንያቱ ድካም፣ የተንጠለጠለ ትንፋሽ፣ አንድ ኖታ ሲደጋገም መስነፍ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ እርምጃውን አሳጥሩ፣ ወደ ላይ ስትወጡ አስረዝሙ። ሁሉም ነገር ተሞክሮ አሁንም ከወረደ መነሻውን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። አንዳንዴ በዚያ ብቻ ይቆማል። ሌላም ምሥጢር አለ። ኮርዱ ውስጥ ሚን የያዘ ሰው ከፒያኖው ላይ ካለው ሚ ጥቂት ዝቅ ማድረግ አለበት። 14 ሴንት ያህል ነው፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ፒያኖው ለሁሉም ቁልፍ እንዲመች ተብሎ ትንሽ ተጎትቶ ነው የተቃኘው። የሰው ድምፅ ግን አይገደድም። ሚዋ በትክክል ስትቀመጥ አየሩ ውስጥ ማንም ያልዘመረው ተጨማሪ ድምፅ ይሰማችኋል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ማን ገባ ብዬ ወደ በሩ ዞሬያለሁ።

ከመድረክ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ፈተና አድርጉ፦ ከየመስመሩ አንድ አንድ ሰው ብቻ አውጥታችሁ፣ አራት ሆነው ሙሉውን ዘፈን ይዘምሩ። የሚደበቅበት ጀርባ የለም። ማን እንደተሳበ እዚያ ይታያል። ሳታሳፍሩ ንገሩት፣ ያን የሁለተኛውን እርምጃ ልምምድ ስጡት።

9ኛ፦ ወደ ሰው ፊት

የመጀመሪያ ዝግጅታችሁን ቅስት ሥር አድርጉት። ፕሪንስተን ላይ ብሌር አርች ሥር መዘመር የቆየ ወግ ነው፤ ሌሎች ግቢዎችም የየራሳቸው ቅስት አላቸው። ድንጋዩ ድምፁን ይመልሳል፣ ማይክ አያስፈልግም። ፊታችሁን ወደ ሰው፣ ጀርባችሁን ወደ ግድግዳው አድርጉ፣ ግማሽ ክቡን ጠበቅ አድርጉ። ቢትቦክሰሩና ባሱ መሐል ይቁሙ። ሦስት ዘፈን ይበቃል።

በርታ ያላችሁ ጊዜ ውድድር አለ። በ1996 የተጀመረው የኮሌጆች አካፔላ ሻምፒዮና በየአካባቢው ማጣሪያ አለው፤ ፍጻሜው ኒው ዮርክ ነው የሚካሄደው። ከድምፁ በተጨማሪ አቋቋማችሁና እንቅስቃሴያችሁ ይመዘናል። እንቅስቃሴ ስትጨምሩ ትንፋሹን አስቡ፤ እስክስታ እየመታ ረጅም ኖታ የሚይዝ ሰው እስካሁን አላየሁም። የሰውን ዘፈን ቀድታችሁ ለማሰራጨት ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው፤ ከመልቀቃችሁ በፊት ጨርሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት ዳይሬክተሩ ፒች ፓይፑን አንድ ጊዜ ይንፋ። ፒች ፓይፕ የእጅ መዳፍ የማታህል ክብ ናት፤ ዙሪያዋን አሥራ ሦስት ቀዳዳ አላት። ድምፁን የሰማ ሁሉ የራሱን መነሻ ከዚያ አውጥቶ በልቡ ይያዝ፤ ጮክ ብሎ አይለማመድ። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ጭብጨባው መሐል፣ ዳይሬክተሩ ፓይፑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ ብሎ ይንፋት፤ ካለቃችሁበት ኖታ ጋር ያመሳክር። የእኛ ዳይሬክተር በሁለተኛው ዓመቴ፣ በኅዳር ብርድ፣ ጓንቱን አውልቃ ነፋቻት። አራት ደቂቃ ያለ መሣሪያ ዘፍነን ኖታው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ምንም አላለችም፤ ዘወር ብላ ፓይፑን አንድ በአንድ ለሁላችንም አሰማችን።